አንዴ ብቻ የጠየቀው

ኢዮሲያስ ብቻውን ገብቶ አራት ሳህን ዲምሰም አዘዘ። ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለችው የቻይና ምግብ ቤት እነዚያን በእንፋሎት የሚበስሉ ትንንሽ ጥቅል ሊጦች የምትሠራው እስከዳር ናት። ከእናቱ ጋር በስልክ አማርኛ ሲያወራ ሰምታ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ይሄ እኮ ለብቻ አይበላም» አለችው።

«አውቃለሁ። እኔም የስፔን ምግብ ቤት ነው የምሠራው። የእኛም ታፓስ እንዲሁ ነው፤ በትንሽ ሳህን፣ ለብዙ ሰው። አሎራ፣ እንግዲያው ነይ ቁጭ በይ!»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ቀናቸው አንዴ እሷ ጋ፣ አንዴ እሱ ጋ፣ ከአንድ ሳህን መብላት ለመዱ። ችግሩ የመጨረሻዋ ጉርሻ ላይ ነበር። ሮም ተወልዶ ያደገው ኢዮሲያስ «ትበያታለሽ?» ይላል። የባሕር ዳሯ እስከዳር ደግሞ «በሞቴ» እስክትባል ድረስ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ትላለች። እሱ ቃሏን አምኖ ዋጥ ያደርጋታል። እሷም እየራባት፣ ለብቻዋ እየሳቀች ቶር ፒኛታራ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ትገባለች።

ሳቁ ግን አልቆየም። ኢዮሲያስ ስፔን፣ ቫሌንሲያ ሥራ አገኘ።

«እንጋባና አብረን እንሂድ» አላት።

ልቧ በደስታ ዘለለ። ግን ጨዋ ልጅ በአንድ ጥያቄ እሺ ትላለች እንዴ? «ኧረ ይቅርብኝ» አለችና ጣቶቿን እያየች ጠበቀች።

ፊቱ ጠቆረ። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለ ቀስ ብሎ። ሴት ልጅ አይ ካለች መጨቅጨቅ ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። ተሰናብቷት ወጣ፤ ከዚያ በኋላም አልደወለም። እሷም አልደወለችም። የሚወድ ሰው አንዴ ብቻ ጠይቆ አይሄድም፤ እንግዲያው አይወደኝም ነበር ብላ ሊጡን እየጠቀለለች ታለቅስ ነበር።

በሚሄድበት ቀን ጠዋት ሻንጣውን ሲዘጋ እናቱ ወይዘሮ እታገኘሁ ገቡ።

«እምቢ ብላኝ ነው እኮ ብቻዬን የምሄደው፣ እማዬ።»

«ስንቴ ጠየቅሃት?»

«አንዴ።»

አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። «አንተ ልጅ! እኔ አባትህን ዓመት ሙሉ ነው ያስለመንኩት። ምነው ይሄን ሳልነግርህ! ሂድና ለምናት። ከልቧ እምቢ ካለችህ ያኔ በሰላም ትተዋታለህ።»

ሲደርስ ምግብ ቤቱ በምሳ ሰዓት በሰው ተጨናንቋል። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። እስከዳር እጇ ዱቄት እንደሆነ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም ሲያለቅስ እንደከረመ ገባት። ይህ ሰው የነገሩትን የሚያምን ሰው ነው፤ ዛሬ ብትግደረደር ለዘላለም ሊሄድ ነው።

«እስከዳር፣ ልለምንሽ ነው የመጣሁት…»

«እሺ።»

«ገና እኮ አልጀመርኩም!»

«አትለምነኝ። እሺ ብያለሁ።»