የታችኛው ሚስማር

ሸሚዙ ተሰቅሏል።

ነጭ ሸሚዝ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ። ትርጉሙ «ግባ፣ ሰላም ነው» ነው። በምስጢር ስሙ «ወንፊት» የሚባለው ሰላይ የሆስፒታሉን ቫን ከመንገዱ ማዶ አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። ከኋላው የቆሸሸ አንሶላ የታጨቀባቸው ጋሪዎች ተደርድረዋል። ደም፣ መግል፣ ሽንት። ሾፌር መስሎ ይህን ጭነት ማመላለስ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። አፍንጫው ግን እስከ ዛሬ አልለመደውም።

ከአንዱ ጋሪ ውስጥ፣ ከአንሶላው ሥር፣ ሰው ተኝቷል።

የሆስፒታሉ ነርስ ናት። በስድስተኛው ክፍል ያልተፈተነ መርፌ እስረኞች ላይ ሲሞከር በዓይኗ አይታለች። የሞቱትን በእጇ ገንዛለች፤ ማን እንዳዘዘም ታውቃለች። ድንበር ተሻግራ ከመሰከረች ትልልቅ ሰዎች ይወድቃሉ። ካልተሻገረች የምትወድቀው እሷ ናት። የስለላ መሥሪያ ቤቱ በመልእክቶቹ ላይ «ዕቃው» ይላታል። ወንፊት ይህን ቃል ባየ ቁጥር ያንገሸግሸዋል።

«ደረስን እንዴ ወንድሜ?» አለ ከኋላ የታፈነ ድምፅ።

«ደርሰናል። ትንሽ ታገሺ እህቴ።»

«ታገሺ ማለት ለአንተ ቀላል ነው። እኔ ያለሁበትን ብታየው አትለኝም ነበር።»

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ምልክቱ ካለ ይገባል። ጋሪውን ለአጣቢው ያስረክባል። አጣቢው፣ በምስጢር ስሙ «ሳሙና»፣ በጓሮ በር አውጥቶ ድንበር ያደርሳታል። ምልክቱ ከሌለ ወንፊት አልፎ ይሄዳል።

ምልክቱ አለ። እግሩ ግን ፍሬኑን አልለቅ አለ።

ሸሚዙ የተሰቀለው ከላይኛው መንጠቆ ላይ ነው።

መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ በላይኛው መንጠቆ። መመሪያውን የጻፈው አለቃው «አጎቴ» ነው። ማጠቢያ ቤቱን በፎቶ እንጂ በእግሩ አያውቀውም። ሳሙና ግን አንድም ቀን እዚያ ላይ ሰቅሎ አያውቅም። ሁለቱም ትከሻዎቹ በሪህ ተይዘዋል። መመሪያው የተነገረው ዕለት እስኪያስለው ስቆ ነበር።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ክንዴ ከአገጬ በላይ አይወጣም። ለእናንተ ስለላ ብዬ ደግሞ መሰላል አልገዛም። ከታች ሚስማር አለች፣ እሷ ትበቃኛለች። ዓይን ያለው ያያል።»

ከዚያ ወዲህ ሸሚዙ የሚሰቀለው ከታችኛው ሚስማር ላይ ነው። ወንፊት ለመሥሪያ ቤቱ አልነገረም። ለአንዲት ሚስማር ኮሚቴ ይቋቋማል ብሎ ፈርቶ ነው።

ታዲያ ዛሬ ማን ሰቀለው?

ምናልባት ደንበኛ አግዞት ይሆናል። ምናልባት ሚስማሩ ወልቋል። ምናልባት ሽማግሌው በስተርጅና መመሪያ ማክበር አምሮታል። ይህ የመጨረሻው ራሱንም አላሳመነውም። ሁሉንም አውቆ ለመወሰን የሚጠብቅ ሰው በዚህ ሥራ አያረጅም። በየጥላው የሚደነብርም ማንንም አያሻግርም። ማታ ተረኞች ሲቀያየሩ ነርሷ መጥፋቷ ይታወቃል። ነገ የሚባል ቀን የላትም።

ስልኩን አነሳ።

«አጎቴ፣ ወንፊት ነኝ። ሳሙናን አነጋግረውታል?»

«አሁን ነው ያነጋገርኩት። ሸሚዙን በገዛ እጄ ሰቀልኩ ብሎኛል። ግባ እንጂ ልጄ፣ ምን ይገትርሃል?»

በገዛ እጁ።

ወይ አጎቴ ተታሏል፣ ወይ አታላዩ እሱ ራሱ ነው። የትኛው እንደሆነ ወንፊት አያውቅም። ላለመግባት ማወቅም አያስፈልገውም፤ ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረው ያላወቀ ሰውም ቢሆን እግሩን አያስገባም። በሌላ መንገድ ለመውጣት ግን ማወቅ አለበት።

«በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል» ሲል ዋሸ። «በድሮው እንጨት መጋዘን በኩል አወጣታለሁ። ለሌላ ሰው እንዳይነግሩ።»

«ደግ አደረግክ። ወደዚያው ሂድ፣ ልጄ።»

መጋዘኑን የሰማ ጆሮ አንድ ብቻ ነው። ወንፊት በመሪው ላይ አቀርቅሮ ጠበቀ።

የማጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ።

አራት ሰዎች ወጡ። አንዱ ገና እያኘከ ነው። አንዱ እጁን በፎጣ እየጠረገ ነው፤ ፎጣው ነጭ ነበር፣ አሁን አይደለም። መኪና ውስጥ ገብተው ወደ እንጨት መጋዘኑ በረሩ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ወንፊት እናቱን ሲቀብር ክንዱን ደግፎ ያቆመው አጎቴ ነው። አፉን ሞልቶ «ልጄ» ሲለው የኖረ።

«ለምንድነው የማንገባው?» አለች ነርሷ።

ወንፊት በሩን አየ። ሽማግሌው ውስጥ ነው። ሕያው ይሁን አይሁን አይታወቅም። አራት ሲወጡ አይቷል፤ ስንት እንደገቡ ግን አላየም። አንድ ምናልባት በሕይወት ያለ ሰው፣ አንዲት በእርግጥ በሕይወት ያለች ሴት። እንዲህ ያለውን ስሌት ይጸየፈዋል። የሚያሰላውን ራሱንም ተጸየፈ።

ማርሽ አስገባ። ማጠቢያ ቤቱን አልፎ ሄደ።

ከድልድዩ በፊት ባለው ኬላ አንድ ወታደር እጁን ዘረጋ።

«ምን ጭነሃል?»

«የተበከለ አንሶላ። ወንዙ ማዶ ሊቃጠል ነው።»

«ክፈት።»

«እከፍታለሁ። ጓንት አለህ?»

«ጓንት ምን ያደርግልኛል?»

«ከእኔ በፊት የነበረው ሾፌር በባዶ እጁ ነክቶት፣ ይኸው እሱ የተኛበት አንሶላ እዚህ ውስጥ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ሽታው ወጣ። ወታደሩ በአፈሙዙ ጫፍ የላይኛውን አንሶላ ገለጥ አደረገ። የረጋ ደም አየና ፊቱን አዞረ። መመሪያው እያንዳንዱን ጋሪ ፈትሽ ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን እዚህ ቆሞ አላሸተተም።

አንሶላው ንቅንቅ አለ።

ወታደሩ አላየም። ጥጉ ጋ ጎንበስ ብሎ እያስመለሰ ነበር።

«ሂድ» አለ አፉን እየጠረገ። «ሂድልኝ ከዚህ።»

ወንዙ ማዶ፣ ድንበር የሚያሻግሯት ሰዎች ዘንድ፣ ነርሷ ከጋሪው ወጣች። ፀጉሯ ተጣብቋል። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አየሩን እንደ ውሃ ጠጣችው።

«አጣቢውስ?» አለች። «ይመጣል አይደል?»

«ይመጣል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሁለቱም ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ምርመራው የተጀመረው አጎቴ ወደ ገዙት ሰዎች ከኮበለለ በኋላ ነው። ከረቫት ያሰሩ ሦስት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ ፊት ለፊታቸው የታሸገ ውሃ።

«ምልክቱ እያለ ያልገባኸው በምን መረጃ ነው?»

«በሚስማር።»

«ስንት በመቶ እርግጠኛ ነበርክ?»

«ክንዱ እንደማይነሳ አውቅ ነበር። ሌላ የማውቀው አልነበረም።»

«ይህ መረጃ አይባልም» አለ መሐል ላይ የተቀመጠው። «መላ ምት ነው። የሚስማሩን ነገር አስመዝግበህ ቢሆን ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።»

ወንፊት አየው። አስመዝግቦ ቢሆን ኖሮ አጎቴ ያነበው ነበር። ሸሚዙም ያን ዕለት ከታችኛው ሚስማር ላይ ይውል ነበር። ይህን እንኳ ለማሰብ ያልታደለ ጭንቅላት ይመረምረዋል።

«ሳሙናስ?» አለ።

«የማጠቢያ ቤቱ የውሃ ማፍያ ክፍል ውስጥ ተገኝቷል። ሁለት ክንዶቹ ወደ ላይ ታስረው፣ ከቧንቧው ላይ ተሰቅሎ።» ሰውየው ይህን ብሎ ውሃውን ተጎነጨ።

ወደ ላይ።

ምልክቱ ልክ መሆኑን አራቱ ሰዎች ሳይጠይቁት አልቀሩም። ከዚያ የሚያወርደው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ሚስማሩ ላይ» ማለት። ሽማግሌው ግን «ልክ ነው» ብሏቸዋል። ወንፊት ለዚህ ማስረጃ የለውም። ስንት በመቶ ቢሉት አይመልስም። ግን ያውቃል።

ነርሷ መሰከረች። ስድስተኛው ክፍል ተዘጋ። ወንፊት የሚባል ስም ከመዝገብ ተሰረዘ።

ዛሬ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ የበር ቁልፍ የሚጠግን ሰው አለ። ጎረቤቶቹ ዝምተኛ ነው ይሉታል። የተከራየው ክፍል ውስጥ ከላይ ጥሩ መንጠቆ አለ፣ ቁመቱም ይደርሳል። ሥራ ውሎ ሲመለስ ግን ሸሚዙን የሚሰቅለው ራሱ ከታች ከመታት ሚስማር ላይ ነው።