ሁለተኛው ጓንት

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር ፋንታነሽ ከቀሚሷ ዚፕ ጋር እየታገለች ነበር። እሑድ ጠዋት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ልትስም አስባ ያወጣችው ቀሚስ የጀርባው ዚፕ ወገቧ ላይ ደርሶ ቆመ። እጇን በላይ አዙራ ሞከረች፣ በታች አዙራ ሞከረች፣ ወይ ፍንክች! ደብረ ማርቆስ ተዛውራ ከመጣች አራት ዓመት ሆናት፤ በእነዚህ አራት ዓመታት ሁሉ «እስቲ ይችን ሳቢልኝ» የምትለው ሰው ቤቷ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ተናዳ ካፖርት ደረበችበትና ስልኩን አነሳች።

«የሽዋስ ሞቷል» አለ ኮንስታብል ዓለምነው። «የቦክስ አሰልጣኙ። እዚያው ጂሙ ውስጥ ነው የተገኘው።»

የሽዋስን ከተማው ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን ከሩቅ ነው። ተወላጅነቱ የጉንደ ወይን ሲሆን አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሞቃት ደሴት ላይ የውጭ ዜጎችን ቦክስ ሲያስተምር ኖሯል። እዚያ ለመጤ ሰው ምርጫው አያልቅም ይል ነበር፤ በየመንገዱ ቦክስ፣ ኪክ ቦክስ፣ ጁዶ፣ ደስ ያለህን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «አገሬ ይሻለኛል» ብሎ ተመለሰና ከልጅነት ጓደኛው ከተስፋዓለም ጋር ጂም ከፈተ። ደብረ ማርቆስ ለሚኖር መጤ ምርጫው ይኸው አንድ አዳራሽ ነው። የሚመጡት አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ሁሉም ምሽቱ የረዘመባቸው ሰዎች ናቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ድብድብ ሊማሩ ሳይሆን ሰው እንዲነካቸው ነበር የሚመጡት።

የሽዋስ ከተንጠልጣዩ የቡጢ መለማመጃ ጆንያ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ጭንቅላቱ ከመድረኩ የሲሚንቶ ጠርዝ አጠገብ ነው፤ ጠርዙ ላይ ደም አለ፤ ወለሉ ላይ ውሃ ፈሷል። በሁለቱም እጆቹ በክር የሚታሰር የቦክስ ጓንት አጥልቋል።

«ግልጽ ነው እኮ» አለ ዓለምነው። «ብቻውን ሲለማመድ ውሃው አዳለጠው። አደጋ ነው።»

ፋንታነሽ ተንበርክካ የቀኙን ጓንት አየች፤ ከዚያ የግራውን። ሁለቱም ጥብቅ ተደርገው ታስረዋል። ካፖርቷ ሥር ወገቧ ላይ የቆመው ዚፕ ትዝ አላት።

«ከግድግዳው ላይ ይህን የመሰለ አንድ ጥንድ አውርድና አጥልቅ» አለችው። «ክሩን ራስህ እሰር።»

ዓለምነው አንዱን አጠለቀ፤ በሌላው እጁና በጥርሱ እየታገዘ እንደ ምንም አሰረው።

«ጎበዝ። ሁለተኛውንስ?»

ዓለምነው በጓንት የታፈነ እጁን ክሩ ላይ አንዴ ጣለ፣ ሁለቴ ጣለ። በጥርሱ ቢስብም ቋጠሮ አልሆን አለው። መጨረሻ ላይ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ቆሞ አያት።

«ስለዚህ ሰው ነበር» አለች ፋንታነሽ። «ይህን ነገር ለማንም እንዳትተነፍስ። ለሚጠይቅህ ሁሉ አደጋ ነው በል።»

ፎቶው ከተነሳ በኋላ ክሩን ራሷ ፈታችው። ሌላ ሰው አላስነካችም። ከጓንቱ ሥር ቦክሰኛ ሁልጊዜ እጁ ላይ የሚጠቀልለው ፋሻ የለም፤ ባዶ እጅ ነው፤ ሁለቱም አንጓዎች ላይ ክሩ ቀይ ሰንበር ትቷል። ፋሻዎቹን ጓሮ አገኘቻቸው፤ ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል፤ ገና ይንጠባጠባሉ። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ምስማር ላይ የሟቹ የራሱ ጓንት ተንጠልጥሏል። ያኛው ክር የለውም፤ እንደ ልጆች ጫማ በጨርቅ ማጣበቂያ የሚዘጋ ነው።

ዘበኛው ጋሽ እንዳላማው ቆባቸውን በእጃቸው እያሹ ቀረቡ። «ቅዳሴ ሄጄ ነበር፣ ልጄ። ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት አልነበርሁም። ስመለስ ነው ያገኘሁት።»

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ሦስት ሰው ነው። ተስፋዓለም፣ ነርሷ ሀይማኖትና ያ የውጭ አገሩ ዶክተር።»

ከሰዓት በኋላ የሟቹ እናት እማማ ወለተ ሚካኤል ከጉንደ ወይን ደረሱ። ጣቢያው በር ላይ ቆመው አላለቀሱም፤ እንባው መንገድ ላይ አልቆባቸው ይሆናል። የፋንታነሽን ክንድ ያዙ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ልጄ ሲሞት ሰው ነበረው?»

ፋንታነሽ ብዙ ለቅሶ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ሰምታ አታውቅም። «ደርሼበት እነግርዎታለሁ፣ እማማ» አለች።

ዶክተር ሱኒል የፊዚክስ መምህር ነው፤ አገሩ ስሪላንካ ነው፤ የጥቅምት ብርድ በሁለት ሹራብ አልቻል ብሎታል። ከተማው ከወዲሁ በእሱ ላይ ማንሾካሾክ ጀምሯል።

«እሑድ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤት። ብቻዬን። ምስክር የለኝም።» ትንሽ ፈገግ አለ። «እኔ ሁልጊዜ ምስክር የለኝም፣ ኢንስፔክተር።»

«ጂም የሚመጡት መቼ ነው?»

«ሰው ሳይኖር። ቅዳሜ ግን የሽዋስ ይጠብቀኛል። እኔ ስለ ባሕር አወራለሁ፤ እሱም ስለ ባሕር ያወራል። ከዚያ ትንሽ እንማታለን።»

ሀይማኖት የደሴ ልጅ ናት፤ ከአዳር ሥራ ወጥታ ዓይኗ ቀልቷል። እሷም ከተራዋ ስትወጣ ብቻዋን ጆንያውን መትታ ነው የምትተኛው።

«ረቡዕ ሊሄድ ነበር» አለች። «ወደዚያ ደሴት። ትኬቱን አሳይቶኛል። ‹እዚያ ብቻዬን ብሆን እንግዳ ስለሆንሁ ነው እላለሁ፤ እዚህ በአገሬ ብቻዬን ስሆን ግን ምን ልበል?› አለኝ። ቅር እንዳለኝ እንኳ አልነገርሁትም።»

«ማን ያውቃል መሄዱን?»

«እኔ ብቻ ነኝ። ለሌሎቹ በየተራ እነግራለሁ ብሎ ነበር።»

ተስፋዓለምን ያገኘችው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳኑን ያስተከለው፣ ወንበር ያስመጣው፣ እናቲቱን ደግፎ ያስገባው እሱ ነው። በከተማው እሱን ሳይስም የሚያልፍ የለም፤ ጂምም ሲመጣ ከኋላው አምስት ስድስት ሰልጣኝ አይጠፋም።

«ወንድሜ ነበር» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «ጠዋት ቤቴ ነበርሁ። ለብቻው መለማመድ ይወድ ነበር፣ ይኸው በላው።»

ሊሸኛት ሲነሳ ዞር ሳይል ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ ዘረጋ። አንዱ ሰልጣኝ ሮጦ ኮቱን አጠለቀለት። ፋንታነሽ ይህን አየች።

ማክሰኞ ከሰልስቱ በኋላ ሁሉንም ጂሙ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጋሽ እንዳላማው በር ላይ ቆሙ፤ እማማ ወለተ ሚካኤል አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ጓንቶች ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ባለክር፣ አንዳንዱ ባለማጣበቂያ።

«ሦስታችሁም ጓንት አድርጉልኝ» አለች ፋንታነሽ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዶክተር ሱኒል ባለማጣበቂያውን አነሳ፤ አንዱን በእጁ፣ ሌላውን በጥርሱ ስቦ ዘጋ። ሀይማኖትም እንዲሁ አደረገች፤ በጥርሷ ስትስብ የለመደች መሆኗ ያስታውቃል። ተስፋዓለም ባለክሩን አነሳ፤ ሁለቱንም እጁን ከተተና አንጓዎቹን ወደ ፊት ዘረጋ።

ማንም አልመጣም።

ተስፋዓለም ግራ ቀኝ አየ። እጆቹ አየር ላይ ቀሩ፤ ክሮቹ ተንጠልጥለዋል።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለች ፋንታነሽ።

ተስፋዓለም ወደ በሩ ተመለከተ።

«እኔ ልንገራችሁ» አለች። «የሽዋስ ያን ጠዋት ሊለማመድ አልመጣም። ፋሻዎቹን አጥቦ አስጥቷል፤ ቦክሰኛ ያለ ፋሻ ጆንያ አይመታም። ስለዚህ ጓንቱን ያደረገለት ሌላ ሰው ነው፤ አደጋ እንዲመስል። ይሁን እንጂ ያ ሰው የሟቹን የራሱን ጓንት ትቶ ባለክሩን መረጠ። እዚህ ብቻውን የሚመጣ ሰው ባለክር ጓንት አይነካም፤ ሁለተኛውን የሚያስርለት የለማ! ዶክተር ይህን ያውቃሉ። ሀይማኖት ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ፤ እኔ የቀሚሴን ዚፕ እንኳ መዝጋት የማልችል ሴት ነኝ። ይህን የማያውቀው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ እጁን ሲዘረጋ ሁልጊዜ የሚያስርለት ያገኘ ሰው ነው።»

ሀይማኖት አፏን በጓንቷ ሸፈነች።

«እማማ ፊት ይህን ባልናገር በወደድሁ» ቀጠለች ፋንታነሽ፣ «ግን አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ነግሮኛል። እንዲህ ያለ ቀይ ሰንበር የሚወጣው ደም የሚዘዋወርበት ገላ ላይ ነው። ጓንቱ ሲታሰር የሽዋስ በሕይወት ነበር። ቶሎ ሐኪም ቤት ቢደርስ ይተርፍ ነበር ብሏል። አውቀህ ነበር፣ ተስፋዓለም?»

ተስፋዓለም እጆቹን አላወረደም። ማውረድ የረሳ ይመስል ነበር።

«ረቡዕ እሄዳለሁ አለኝ» አለ። «የክልሉ ውድድር ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እናሸንፋለን ብዬ ለአገሩ ሁሉ አውርቻለሁ። እኔ እኮ በስም ብቻ ነው የምታወቀው፤ ማሰልጠኑን የሚያውቀው እሱ ነው። ‹ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?› ብዬ ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት፣ በማርያም!»

«ስትተወው ይተነፍስ ነበር?»

በጣም ቀስ ብሎ፣ «ያንኮራፋ ነበር» አለ። «ሰው ጠርቼ ምን እላለሁ? ይህ ሁሉ ሰው ምን ይለኛል? ፈራሁ።»

እማማ ወለተ ሚካኤል ተነሡ። ይመቱታል ብሎ ዓለምነው ጠጋ አለ፤ እሳቸው ግን ፊቱ ቆመው አዩት ብቻ።

«ከማሕፀኔ የወጣህ ያህል ነው የምወድህ። ቤቴ ነው ያደግኸው» አሉ። «እስኪያልፍ ድረስ አብረኸው ቆየህ?»

«አልቆየሁም፣ እማዬ። ወጣሁ።»

ዓለምነው ጓንቶቹን ከተስፋዓለም እጅ አውልቆ ይዞት ወጣ። ዶክተር ሱኒል ወንበር ስቦ ከሀይማኖት ጎን ተቀመጠ።

ፋንታነሽ እናቲቱ እግር ሥር ተንበረከከች። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን መልስ ስትፈራው ነበር። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ሰው ነበረው ልልዎት ፈልጌ ነበር።»

«አልነበረውም» አሉ እማማ። «ያን በእጁ ላይ የነበረውን ማን ፈታለት?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀስ ብለሽ?»

«ቀስ ብዬ ነው፣ እማማ። እንዳያመው አድርጌ።»

እማማ ወለተ ሚካኤል የፋንታነሽን ሁለት እጆች ያዙ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ፋንታነሽም እጇን ሳትወስድ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።