«ንጹህ ነው» የተባለው ፊልም

«ይቅርታ፣ አንቺ ማን ነሽ?»

ትንሹ ይህን ያለው ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣ ለገዛ እናቱ ነው። እናትየው ነጩን የሥራ ጋዋኗን እየለበሰች ነበር፤ አንዱ እጅጌ ሳይገባ ቀረ።

«ምን አልክ?»

«ማን ነሽ? ይሄስ የማን ቤት ነው?»

እናትየው ፋርማሲስት ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው በሽታ ስትሰማ ስለምትውል በሆነ ባልሆነው አትደነግጥም። አሁን ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ግንባሩን ዳሰሰች፣ ዐይኑን ገልጣ አየች፣ ትናንት ወድቆ እንደሆነ ጠየቀችው። ትንሹ ለሁሉም «አላስታውስም» እያለ መለሰ። ዕድሜው ስምንት ነው፤ ትወናውም ከዕድሜው አላለፈም፤ እናት የሆነ ሰው ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ትወና አይታየውም።

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው እህቱ ወዲያው ገባት። ንግግሩን ቃል በቃል ታውቀዋለች፤ ከአንድ የቤተሰብ ኮሜዲ የተወሰደ ነው። ፊልሙን «ንጹህ ነው» ብላ ያሳለፈችው ደግሞ ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው በየወሩ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው የሚስቁበት ፊልም በአዳራሹ ያሳያል። ፊልሙን የሚመርጠው የወላጆች ኮሚቴ ነው፤ እናታቸውም የኮሚቴው አባል ናት። ከሥራ ስትመለስ ግን ፊልም ሳይጀመር እንቅልፍ ያዳፋታል። ስለዚህ መጀመሪያ አይቶ የማጣራቱ ሥራ በአሥራ አራት ዓመቷ ልጇ ላይ ወደቀ። ሪሞቱን ይዛ ትቀመጣለች፤ የምትፈልጋቸው ነገሮች ተነግረዋታል፦ ስድብ፣ መጠጥ፣ ራቁትነት። አባቷ «ሳንሱር» የሚል ስም ያወጣላት ያን ጊዜ ነው፤ ስሙም በዚያው ተለጠፈባት። አንዴ ስለ ውሻ የተሠራን ፊልም ጎረቤትየው ቢራ ይጠጣል ብላ ስትጥለው፣ ትንሹ «ውሻው ምን አጠፋ?» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፏት ነበር።

ይሄኛው ፊልም ግን ምንም አልነበረበትም። ወላጆቹ ሊለያዩ የደረሱ አንድ ልጅ ሁሉን ነገር እንደረሳ ያስመስላል። ሐኪሙ «የለመደውን ኑሮ ካላየ አይድንም» ይላል። ባልና ሚስቱም ለልጁ ሲሉ የሚዋደዱ መስለው ይኖራሉ። አባትየው ዱቄት ተደፍቶበት ነጭ ይሆናል፣ እናትየዋ ከነጫማዋ ገንዳ ውስጥ ትገባለች፣ ልጁ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻም ማስመሰሉ እውነት ሆኖ ሁሉም በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ሳንሱር አብሯት ከሚያየው ትንሹ ጋር ሆዷን ይዛ ሳቀች። መጨረሻውን ደግሞ እየመለሰች አየችው፤ ያን ጊዜ አልሳቀችም።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ የመጋቢው ባለቤት ቅር አላቸው።

«ልጁ ወላጆቹን ይዋሻል እኮ! ይሄን እንዴት ለልጆቻችን እናሳያለን?»

«መጨረሻ ላይ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እትዬ» አለች እናታቸው፣ ሳንሱር የነገረቻትን ይዛ። «ትዳርም ይድናል። ትዳር እንዳይፈርስ የሚያስተምር ኮሜዲ ስንት አለ?»

የመጋቢው ባለቤት «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብለው ተዉት። የእናታቸው ቤት በቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀስ ቤት ነበር።

አባታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ድሮም ወጥቶ ሳምንታት ስለሚቆይ፣ ከቤት መውጣቱን ያወቀ ሰው የለም። ጋራዥ አጠገብ አንዲት ክፍል ከተከራየ ቆየ። እናትየው ይህን ለሳንሱር የነገረቻት ዕቃ እያጠቡ ሳለ ነው፤ ፊቷን ከሳህኑ ላይ ሳታነሳ፣ «ለትንሹ መንገድ ላይ ነው በይው። የቸርች ሰውም ቢጠይቅሽ እንደዛው። እስኪለይለት» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሳንሱር የጠየቃትን ሁሉ «መንገድ ላይ ነው» ትላለች። መጀመሪያ ምላሷ ይከብዳት ነበር፤ አሁን ለምዶታል።

እና አሁን፣ በቁርስ ሰዓት፣ «እማዬ፣ ከፊልሙ ነው እኮ» ብትል ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። ልትል አፏን ከፈተች። እናትየው ግን ስልኳን አንስታ ከደወለችበት ብዙ ጊዜ የሆነውን ቁጥር እየደወለች ነበር።

«ስማ፣ ልጁ አሞታል… አዎ፣ አሁኑኑ። ክሊኒኩ ጋ ና።»

ሳንሱር አፏን ዘጋች። አባዬ ሊመጣ ነው። ይምጣ። እናቷ በድንጋጤ ቁልፏን እየፈለገች ስትንከራተት እያየች ዝም አለች፤ በዝምታዋ አፈረች፣ ግን ዝም አለች።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለቻቸው ሐኪም ወጣት ናት፤ ዐይኖቿ እንቅልፍ ያጡ ይመስላሉ። ትንሹን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ በመብራት ዐይኑን አየች፣ ጉልበቱን መታ መታ አደረገች።

«አስተማሪህ ማን ትባላለች?»

«አላስታውስም።»

«ከኳስ ቡድን የማን ደጋፊ ነህ?»

«የቀዮቹ!» አለ ሳያስበው። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

ሐኪሟ ቀና ብላ ሳንሱርን አየቻት። ሳንሱር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ መታጠብ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረች።

በሩ ተከፈተና አባታቸው ገባ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ሸሚዙ ካውያ አላየም፤ ጥቁር ዘይት የነካውን እጁን በሱሪው ይጠርጋል። ትንሹ ሊዘልበት ብድግ አለና በሽታው ትዝ ሲለው መልሶ ተቀመጠ። ከዚያ አንዴ እናቱን፣ አንዴ አባቱን በጣቱ እያመለከተ ጠየቀ።

«እናንተ ባልና ሚስት ናችሁ?»

ፊልሙ ላይ ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ አባትየው ሚስቱን በትከሻዋ እቅፍ አድርጎ «ታዲያስ!» ይላል፤ ሙዚቃውም ደመቅ ይላል። ሳንሱር እጇን ጨብጣ ጠበቀች። ስክሪፕት እንደሌላቸው እያወቀች እንኳ ጠበቀች። እናቷ የቦርሳዋን ቁልፍ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«እኔ አባትህ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ ደግሞ እናትህ ናት።»

«እሱን አልጠየቅኩም» አለ ትንሹ።

ሐኪሟ ወላጆቹን ኮሪደር ላይ ልታነጋግራቸው ወሰደቻቸው። መጀመሪያ ልጁ ምንም እንዳልሆነ የምታስረዳው የእሷ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። እሷ ከሄደች በኋላ የሁለቱ ድምፅ ተከተለ፤ ሹክሹክታው ሹክሹክታነቱ ቀረና በሩን አልፎ ገባ።

«አንተ ስለሌለህ ነው እንዲህ የሚሆነው!»

«እንድወጣ ያደረገኝ ማን ሆነና?»

ትንሹ እግሩን ማወዛወዙን አቆመ። አባታቸው ተመልሶ ሲገባ ፊቱ ቀልቷል። የልጁን አናት ሳመው። «መዋሸት ጥሩ አይደለም፣ እሺ ጀግናው? ሞተር ፈትቼ ጥዬ ነው የመጣሁት፣ ልሂድ» አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ወደ ሳንሱር ዞረ። «አደራሽን» አላት። ምኑን አደራ እንዳላት ግን አልነገራትም።

ሲመሽ፣ ሳንሱር ትንሹ አልቅሶ እንደሆነ ብላ ወደ ክፍሉ ገባች። አላለቀሰም። እንደውም ዐይኑ ያበራል።

«አየሽ? መጣ እኮ!»

«መጣ። ከዛ ሄደ።»

«ባክሽ፣ ፊልሙም ላይ መጀመሪያ ይሄዳል! የሚሠራው ሁለተኛው ዘዴ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጣሪያ ላይ መውጣቱ። እናትየዋና አባትየው አብረው ካልወጡ አልወርድም ይላል፣ አስታወስሽ? ከኛ ፎቅ ጀርባ ወደ ውሃ ታንከሩ የሚያስወጣ መሰላል አለ። አይቼዋለሁ። ነገ ከትምህርት ቤት መልስ።»

ሳንሱር ደነገጠች። መሰላሉን ታውቀዋለች፤ ዝገት የበላው ነው፣ ላይኛው ጫፍ ከግድግዳው ተነቅሏል።

«አትፍሪ» አላት። «ልጁ እኮ አልወደቀም።»

ወደ ማድ ቤት ሄደች። እናቷ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና እያጠበች ነበር። ሳንሱር የመሰላሉን ነገር ነገረቻት።

«የኋላውን በር እቆልፈዋለሁ» አለች እናትየው። «ፊልሙንም ከእሁድ ፕሮግራም አስወጣዋለሁ። እትዬ እውነታቸውን ነበር፤ ውሸት የሚያስተምር ፊልም ነው።»

«ፊልሙ አይደለም፣ እማዬ።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ንጹህ ነው ያልሽኝ?»

ሳንሱርን ከፋት። «ስድብ የለውም፣ መጠጥ የለውም። ሌላ ምን እንድፈልግ ነገርሽኝ?» አለች። «አንቺስ ወደሽው አልነበር?»

እናቷ ብርጭቆውን እንደገና በሳሙና አሸችው።

«ንገሪው» አለች ሳንሱር። «አባዬ እንደማይመለስ ንገሪው።»

«ማን አለ እንደማይመለስ!»

ብርጭቆው ማጠቢያው ውስጥ ወደቀ፤ አልተሰበረም። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። «እኔ ራሴ ያላመንኩትን ምን ብዬ ልንገረው?» አለች። «ትንሽ ይቆይ። አንድ ነገር እስኪለይለት ይቆይ። እባክሽ።»

ሳንሱርን እናቷ በጣም አሳዘነቻት። አቅፋት፣ እሺ ብላት፣ ነገም «መንገድ ላይ ነው» ማለቷን ብትቀጥል ደስ ባላት። በር ይቆለፋል። ትንሹ ግን ቁልፍ ቢከለክሉት መስኮት የሚፈልግ ልጅ ነው። ከመስኮቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ያስባል፤ ተስፋው እስካለ ድረስ ማሰቡን አያቆምም።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ፈቀቅ በል።»

«ትረጂኛለሽ?»

«አልረዳህም።»

«እንዴ! ለምን?»

«ልጁ ለምን እንዳልወደቀ ታውቃለህ? ከታች ፍራሽ አንጥፈውለታል። ካሜራው አያሳየውም እንጂ።»

ትንሹ አሰበበት። «እናትና አባቱስ?»

«እነሱ ተዋናዮች ናቸው። ተከፍሏቸው ነው የታረቁት።»

ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ሳንሱር ከጀርባዋ የእግር ኮቴ ሰማች። እናቷ እጇን በፎጣ እያደረቀች በሩ ላይ ቆማለች፤ ራሷን ነቀነቀችላት፤ እንዳትናገሪ ማለቷ ነው። ሳንሱር አየቻት። አይታም ፊቷን ወደ ወንድሟ መለሰች።

«አባዬ መንገድ ላይ አይደለም» አለችው። «ጋራዡ አጠገብ ቤት ተከራይቷል። ልብሱንም ወስዷል።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም። ላይመለስ ይችላል።»

«ስለዋሸሁ ነው?»

«አይደለም። አንተ ከመዋሸትህ በፊት ነው የሄደው። በአንተ ምክንያት አይደለም።»

ትንሹ ዐይኖቹን ተከለባት። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻውን ስትነካው በክርኑ ገፋት። ሳንሱር አልተነሳችም። በሩ ላይ የቆመችው እናትም አልገባችም፣ አልሄደችም። ብዙ ቆይቶ ከብርድ ልብሱ ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«እራት ማነው የሚሠራለት?»

ሳንሱር ይህን አስባው አታውቅም። ምላሷ የለመደውን መልስ ፈልጋ አጣች።

«አላውቅም» አለች። «ነገ ከትምህርት ቤት መልስ አብረን ሄደን እንጠይቀዋለን።»

ይህን የተናገረችው እናቷም እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው።