የስሂን ግማሽ

«ነገርኩሽ እኮ፣ ስሂን ሌላ ፓርትነር ይስጡኝ ብላ ሚስ ዶላንን ለምናለች» አለች ሶሊ። ወሬውን ለዕንቁ መጀመሪያ አውቶቡስ ውስጥ ነገረቻት፤ ማታ ቴክስት አደረገችላት፤ አሁን ደግሞ በምሳ ሰዓት አፏን በፒዛ ሞልታ ትደግመዋለች።

«ስትለምን ሰምተሻል?» አለች ዕንቁ።

«በክፍሉ በር መስታወት አየኋቸዋ። ስሂን እያለቀሰች ነበር። ሌላ ምን ያስለቅሳታል? አክሰንትሽን ፈርታ ነው።»

ዕንቁ ለይስሙላ ሳቀች። ከአገር ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛውን ማንም አላስተማራትም፤ ከፊልምና ከመዝገበ ቃላት ለቃቅማ ያጠራቀመችው ነው። የሚቀልድባትን በምላሷ ልክ ታስገባዋለች። ቀልዳባት የማታውቀው እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ስሂን ብቻ ነበረች። ሰሞኑን ግን ስሂን ስልክ አታነሳም። ደወል ሲደወል ቀድማ ትወጣለች። «ምን ሆነሻል?» ስትባል «ምንም» ትላለች፣ መሬት መሬት እያየች።

በሚስ ዶላን የእንግሊዝኛ ክፍል ሁለቱ አብረው እንዲያቀርቡ የደረሳቸው ቃል «ክሊቭ» የሚባል ግስ ነው። አንዴ መሰንጠቅ ነው፣ አንዴ መጣበቅ። መሰንጠቁን ዕንቁ ወሰደች፣ መጣበቁን ስሂን።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ክፍሉ ሳይሞላ፣ ዕንቁ ሚስ ዶላን ጠረጴዛ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«ብቻዬን ባቀርበውስ?»

ሚስ ዶላን ግር አላቸው። «ስሂንስ? ተነጋግራችኋል?»

«አዎ» አለች ዕንቁ። «ተስማምታለች።»

ከዚያ ሁለቱንም ግማሽ አቀረበች። ጥንት ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሩ አለች፤ መሰንጠቁ «ክሌዮፋን»፣ መጣበቁ «ክሊፊያን» የሚባሉ። ከዘመን ብዛት ድምፃቸው እየተቀራረበ አንድ መልክ ይዘው ቀሩ። አባቷ ሥጋ ቤት አጥንት የሚከሰክስበት ትልቁ ቢላ፣ «ክሊቨር»፣ ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያው ነው ስትል ክፍሉ ሳቀ። ለአንድ ጊዜ እንኳ በእሷ ሳይሆን ከእሷ ጋር ነበር የሳቁት። ስሂን ከኋላ ተቀምጣ፣ ያዘጋጀቻቸውን ካርዶች እንደያዘች፣ አየቻት። ጭብጨባው ሲያልቅ ካርዶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ሐሙስ ወንበሯ ባዶ ነበር።

«እነ ስሂን ወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ገብተዋል አሉ» አለች ሶሊ። «ቤት ገዝተው። እቃው እስኪገባ ለማንም እንዳትተነፍሺ ብላ እናቷ አስምላት ነበር አሉ። የኛን እናቶች ታውቂያቸው የለ? ያላለቀ ነገር ከተወራ ይበላሻል ነው የሚሉት።»

«እና ፓርትነር ቀይሩልኝ ያለችው?»

«እኔ እንጃ። መስሎኝ ነው።»

ዕንቁ ለሶሊ የሚሆን ስድብ አላጣችም። ዋጠችው። ከጠረጴዛው ተነስታ፣ ማንም ሳይጠራት ኮሪደር ለኮሪደር አቋርጣ፣ የሚስ ዶላንን ክፍል አንኳኳች።

«ዋሽቼዎታለሁ» አለች። «ስሂንን አልጠየቅኳትም። ውጤቴን ይቀንሱት።»

ሚስ ዶላን የያዙትን ሳንድዊች አስቀመጡ።

«እኔ እናንተን የማቅረቢያው ተራ መጨረሻ ላይ ነበር ያደረግኳችሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ያስቀደመቻችሁ ስሂን ናት። ምክንያቱን ለማንም አይንገሩብኝ ብላ አልቅሳ ለመነችኝ። ከመሄዴ በፊት ከዕንቁ ጋር አብሬ ልቁም ብላ።»