«ሠራላችሁ?» የሚለው ስልክ

ቤታችን ጴንጤ ነው፣ ሙታን ይመለሳሉ የሚል ሰው ከመጣ እናቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትጨምራለች፣ እኔም አዳማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፣ ምክንያቱ ያልተገኘ ብልሽት እንጂ ምክንያት የሌለው ብልሽት አላውቅም። ስለዚህ እመኑኝ፣ ይህን የማወራችሁ ስለገጠመኝ ብቻ ነው።

አለቃዬ ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። ከአዲስ አበባ አሠልጣኞች መጥተው ስለ አገልግሎት አሰጣጥ መመሪያ ሳምንት ሙሉ ሲያደርቁን፣ እሳቸው ከዚያ ሁሉ አንድ ነገር ይዘው ወጡ፤ ሥራው የሚያልቀው ማሽኑ ሲነሳ ሳይሆን ተጠቃሚው «ሠራልኝ» ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም ብንጠግን፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው ደውለው «ሠራላችሁ?» ሳይሉ አይነሱም። እኔን «ኢንታላ ኮ» ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ባለፈው ክረምት ልባቸው ድንገት ቆመች፣ ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ ጠረጴዛቸውን ለማስነሳት አንጀቴ አልቻለም፣ የስልካቸው መስመር ግን ተነቅሏል።

አንድ አቧራማ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ወደ ዋርድ የሚያደርሰው ሲስተም ወደቀ። ከመልካሳ የመጣች ሕፃን ደም ሊሰጣት የደም ዓይነቷ ይጠበቃል፣ አባቷ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሻል። አስነሳሁት፣ ላቦራቶሪውም «ልከናል» አለኝ። እፎይ ብዬ ወደ ሌላ ብልሽት ልሄድ ስል ስልኬ ጮኸ፣ ከሕፃናት ክፍል ሲስተር ሃዊ ናት፣ ከሁሩታ ተዛውራ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው፣ ጋሽ ቶሎሳን አታውቃቸውም።

«እየመጣሽ ነው?» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ቅድም ከእናንተ ክፍል አንድ ሽማግሌ ደውለው ‹ሠራላችሁ?› አሉኝ፣ ኧረ ምንም አልደረሰንም ስላቸው፣ ‹ኢንታላ ኮን እልካታለሁ› አሉ።»

ሮጥኩ። እውነትም ዋርዱን የሚያገናኘው ሳጥን አልተነሳም ነበር፣ አስነሳሁት፣ ውጤቱ ደረሰ፣ ደሙ ተሰቀለ። አባትየው እጄን ይዞ በምስጋና «ገላቶማ» ሲለኝ አለቀስኩ፣ በፍርሃት ይሁን በናፍቆት አላውቅም።

ቢሮ ስመለስ የጋሽ ቶሎሳ ስልክ እጀታው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ነፋስ ነው እንዳልል መስኮቱ ዝግ ነው። አነሳሁትና «ሠርቷል ጋሼ፣ ልጅቷም ደህና ናት» ብዬ በቦታው መለስኩት።

ባለፈው ሰሞን የፋርማሲውን ፕሪንተር ጠግኜ ደወልኩና «ሠራላችሁ?» ስላቸው፣ «አሁን ጠይቃችሁን የለ እንዴ?» አሉኝ። ማን እንደጠየቃቸው አልጠየቅኩም፣ ከጠየቅኩ ጋሼ መደወላቸውን የሚተዉ ይመስለኛል።