ከጃፓን የመጡት ስልሳ ቱቦዎች

ስልሳው ቱቦ የለም።

የመጋዘኑ የኋላ ግድግዳ ተፈልፍሎ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል። ነጋዴዋ ዘሀራ ባዶውን ወለል አይታ "ወይኔ ልፋቴ!" አለች። ሽቦ ልታመጣ ጎንደር ሦስት ሳምንት ቆይታ መመለሷ ነበር።

ጊዜው የካቲት ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.፣ ቦታው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ። ቱቦው ኮንዲት የሚሉት ነው፤ የመብራት ሽቦ በውስጡ የሚያልፍበት ስስ ብረት። ለከተማው አዲስ ክሊኒክ ነበር የመጣው። የስዌዝ ቦይ ከተዘጋ ወዲህ የጣሊያኑ አፍሪካን ዞሮ ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም፤ እሷ ከጃፓን አስመጣች። በመርከብ አሰብ፣ በመኪና ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በሰው ትከሻ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ እስቴ ላይ ይሰረቅ!

የፖሊሱ አስር አለቃ ዋሴ ምርመራ ሳይጀምር ሹሙ ግራዝማች ወልደ ሩፋኤል "ሌባው ተገኝቷል" አሉ። ማን ይሆናል? ጠይቡ ሞላ ነዋ! በዚህ አገር በሬ ቢሞት ጠይብ፣ ሰው ቢታመም ጠይብ። ከቤቱም አንድ ቁራጭ ቱቦ ወጣ።

"የጠመንጃ አፈሙዝ ሊሠራበት ነው። ነገ ደብረ ታቦር ወህኒ ይወርዳል" አሉ ግራዝማች። "ዘሀራ፣ ክሱ ላይ ፈርሚ።"

"አልፈርምም። ቁራጩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ማጠፍ እንዲሞክርበት።"

"ለጠይብ ትከራከሪያለሽ?"

"ለእውነት ነው የምከራከረው። ደስ ካላለዎት እኔንም ይሰሩኝ!"

ዋሴ እጁ የታሰረውን ሞላን ጠየቀው።

"ቱቦውን የት ደበቅኸው?"

"የትም።"

"አፈሙዝ ልትሠራበት አልነበረም?"

"እስቲ ያንኳኩት፣ አስር አለቃ። ስስ ነው። ጥይት ቢጎርስ ፊቴ ላይ ይፈነዳል። ጠይብ ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም!"

"ታዲያ ማን ወሰደው?"

"እሱን ለማወቅ ደመወዝ የሚበሉት እርስዎ ነዎት።"

ዋሴ ሳቁን ዋጠ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ግን ይህን ለግራዝማች ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ከሰዓት በኋላ ዋሴና ዘሀራ እስረኛው እዚሁ ሁለት ቀን እንዲቆይ ሊለምኑ ወደ ግራዝማች ቤት ወረዱ። ዝናብ ጠብ ካላለ ሁለት ወር ሆኖታል፤ መስኩ ደርቆ ነጥቷል። ዋሴ ግን እርፍ ጨብጦ ያደገ የገበሬ ልጅ ነውና ቆም አለ። እፍኝ የሚያህል ለምለም ሣር። አራት እርምጃ አለፍ ብሎ ሌላ። ደግሞ አራት እርምጃ፣ ሌላ።

"ሣር በልክ ይበቅላል እንዴ?" አለ።

ዘሀራ ተንበርክካ አፈሩን ጫረች። እርጥብ ነው።

"የቱቦዬ ቁመት ነው!" ብላ ጮኸች። "መጋጠሚያው የተሠራው ለሽቦ ነው እንጂ ለውሃ አይደለም። ውሃ ከለቀቁበት በየመጋጠሚያው ያፈሳል።"

ለምለሙ መስመር ከመንደሩ ምንጭ ተነስቶ በግራዝማች አጥር ሥር ገባ። ጓሮ ውስጥ የቱቦው ጫፍ ጋን ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

"የማን ግቢ እንደገባህ ታውቃለህ?" አሉ ግራዝማች።

"አውቃለሁ። ለምን ሰረቁ?"

ግራዝማች ጋኑ ላይ የሚንጠባጠበውን አዩ።

"የደብረ ታቦሩ ወንድሜ ቤት ቧንቧ ገብቷል። የእኔ ሚስት ከጭሰኛ ሚስት ጋር ምንጭ ትውረድ? ቧንቧ ሁሉ አንድ መስሎኝ..."

"ሞላስ ምን አደረገዎት?"

"ጠይብ ነው ከተባለ ማን ይጠይቃል ብዬ ነው።"



ሞላ ተፈታ። ሽማግሌዎች ግን ወዲያው ተሰብስበው ስለ ግራዝማች ማዕረግ ሲባል ይቅር ይባሉ አሉ።

"እሱን ሞላን ጠይቁት" አለች ዘሀራ።

"ይቅር እላለሁ" አለ ሞላ። "መጀመሪያ ስልሳውንም በገዛ እጃቸው ቆፍረው ያውጡ። አገር እያየ።"

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ሞላ ንቅንቅ አላለም። ዋሴ ዶማ አምጥቶ ለግራዝማች ሰጣቸው። ካባቸውን አውልቀው መቆፈር ጀመሩ።

"ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ግራዝማች!" አለ ሞላ ከአጠገባቸው ቆሞ። "ክሊኒኩ ላይ የምገጥመው እኮ እኔ ነኝ።"