የሕፃን ድምፅ ያላት ሴት

ዮስካ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቤቷ በጌሤም ምድር፣ ጡብ የሚሠሩ ዕብራውያን በሚኖሩበት ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ነበር። አባቷን የንጉሡን ጎተራ እንዲሠራ ሩቅ ከተማ ወስደውታል። እናቷ ሔላ ጠዋትና ማታ ጭቃ ትረግጣለች። ፀሐይ ስትበረታ ብቻ ሴቶቹ ለጥቂት ጊዜ ወደ ቤት ይለቀቃሉ።

ልጆች፣ ያ ሰፈር እንደ እናንተ ሰፈር አልነበረም። ዝም ያለ ሰፈር ነበር። እሹሩሩ የምትል እናት አትሰማም። ደጅ ላይ የተሰጣ የሕፃን ጨርቅ አይታይም። ንጉሡ፣ ከዕብራውያን የሚወለድ ወንድ ሁሉ ወደ ወንዝ ይጣል ብሎ አዝዞ ነበርና። ወታደሮቹ በመንገዱ ሲያልፉ ውሾቹ እንኳ አይጮኹም ነበር።

በእነ ዮስካ ቤት ግን ምስጢር ነበረ። ከጭድ ክምሩ ጀርባ፣ አንገቱ በተሰበረ ትልቅ ጋን ውስጥ፣ ትንሽ ወንድሟ ይተኛል። ሔላ "እርሾው" ትለዋለች፤ ሰው ቢሰማ ስለ ሊጥ የምታወራ እንዲመስለው።

"ዮስካ፣ እርሾውን ሸፍነሽዋል?"

"ሸፍኜዋለሁ፣ እማ። ግን ሊነሣ ነው መሰለኝ።"

"እንግዲያው ቶሎ አምጪልኝ።"

ሔላ ስታጠባው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣትም።

"እማ፣ ምን እያልሽ ነው?"

"የአባቶቻችንን አምላክ እያነጋገርኩት ነው። አንተ ሰጠኸኝ፣ አንተው ደብቅልኝ እያልኩት።"

"እንዲህ ቀስ ብለሽ ስትናገሪ ይሰማል?"

"ይሰማል" አለች ሔላ።

ጎረቤታቸው መዓካ ነበረች። የእሷን ልጅ ባለፈው የመከር ወራት ወስደው ወንዝ ጥለውባታል። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣም። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ባዶ ክንዶቿን እንዳቀፈች፣ በሯ ላይ ተቀምጣ ትወዛወዛለች። ዮስካ ትፈራታለች። በደጇ ስታልፍ ሁልጊዜ ትሮጣለች።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማ ጀመር። በቀትር፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ ከሸምበቆው ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይመጣል። ሴቶቹ ሮጠው ሲያዩ ሕፃን የለም። ውኃውና ሸምበቆው ብቻ። "የተጣሉት ናቸው" አለች አንዷ። "ዝም በይ፣ እንዲህ አይባልም" አለች ሔላ። ቢሆንም ቤቷ ስትገባ በሩን ቀርቅራ ልጇን አስጠነቀቀቻት።

"ዮስካ፣ የቤታችንን ነገር ለማንም አትናገሪ። ለሚስቅልሽም፣ ለሚያለቅስብሽም።"

"እሺ፣ እማ።"

አንድ ቀን በቀትር ዮስካ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ነፋስ የለም። እንስራዋን ልትሞላ ስታጎነብስ ለቅሶው ቅርቧ ተሰማ። መሸሽ ነበረባት። እሷ ግን ሸምበቆውን ገለጥ አድርጋ ገባች።

አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ነጭ በፍታ ለብሳለች። ጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ታባብላለች። ዮስካ ጠጋ ብላ አየች። የተጠቀለለው ከእንጨት የተጠረበ አሻንጉሊት ነበር። ዓይኖቹ ነጭ ዛጎል ናቸው። ለቅሶው ደግሞ የሚወጣው ከሴትየዋ አፍ ነው።

"አትፍሪ፣ የኔ ቆንጆ" አለች ሴትየዋ ሳትዞር። "ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።"

"የምታለቅሺው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ልጅ የለኝም። እንዴት እንደሚያለቅስ እንዳልረሳው ነው። ስሚኝ እስቲ፣ ይመስላል?"

ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አለቀሰች። ዮስካ ፀጉሯ ቆመ።

"ትንሽ ይመስላል።"

"ትንሽ ብቻ? ምኑ ጎደለ?" ሴትየዋ መዳፏን ዘረጋች። መዳፏ ላይ እንደ ሰማይ የጠራ ሰማያዊ ዶቃ ነበረ። "ብታስተካክይኝ ይቺ ያንቺ ናት።"

ዮስካ እንዲህ ያለ ዶቃ አንገቷ ላይ አስራ አታውቅም። ደግሞም ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ "ዝም በይ፣ ቀስ በይ" ነው የምትባለው። ምን ታውቂያለሽ ብሎ የጠየቃት ማንም የለም። ይቺ ሴት ግን እንደ ትልቅ ሰው ጠየቀቻት።

"ሲርበው እንዲያ አይደለም" አለች ዮስካ። "መጀመሪያ ኧህ፣ ኧህ ይላል፤ ሊያስነጥሰው እንደሆነ። ከዚያ ነው የሚጮኸው።"

"እንዲህ?"

ከሴትየዋ አፍ የዮስካ ወንድም ድምፅ ወጣ። የሚመስል ድምፅ አልነበረም፤ ራሱ ነበር።

"ጎበዝ። የማንን ልጅ ሰምተሽ ነው?"

ዮስካ አፏን በእጇ ያዘች። ምን እንዳጠፋች አሁን ገና ገባት።

"ግድ የለም" አለች ሴትየዋ እየሳቀች፣ ዶቃዋን እጇ ላይ እያደረገችላት። "እንስራሽን ይዘሽ ከየትኛው ቤት እንደምትወጪ አይቼሻለሁ።"

ዮስካ ዶቃዋን መቀነቷ ውስጥ ደብቃ እየሮጠች ተመለሰች።

"ምነው ቆየሽ?" አለቻት እናቷ።

"ውኃው ደፍርሶብኝ ነው።"

ልጆች፣ አያችሁ? ዮስካ አንድ ጥፋት ለመሸፈን ሌላ ጨመረች። ዝም ካልኩ ምናልባት ምንም አይመጣም ብላ አሰበች። እናንተም አንዳንዴ እንዲህ ታስባላችሁ። ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። ያን ጊዜ "ኧህ፣ ኧህ" የሚል ድምፅ ሰማች። ከጋኑ ውስጥ ይሁን ከደጅ መለየት አልቻለችም። ጋኑ ዘንድ ሄዳ አየች። ወንድሟ ተኝቷል። አፉ ግጥም ብሏል።

ዮስካ እናቷ እግር ላይ ወደቀች። "እማ፣ ተናገርኩ" አለች። ዶቃዋን ከመቀነቷ አውጥታ ጣለች፤ የሆነውንም ሁሉ ነገረቻት።

የሔላ እጅ ተነሣ። ዮስካ ዓይኗን ጨፈነች። እጁ ግን መጥቶ ራሷ ላይ አረፈ።

"አሁን መናገርሽ ደግ ነው" አለች ሔላ። "የምናለቅሰው ኋላ ነው። ተነሺ፣ እርሾውን አንሺልኝ።"

የጓሮው አጥር ዝቅ ያለ ነበር። ሕፃኑን ይዘው ተሻገሩ። የሚሄዱበት ሌላ ቤት አልነበረም፤ የተሻገሩት ወደ መዓካ ነው።

"እህቴ መዓካ" አለች ሔላ። "እንዲህ ያለ ነገር አንቺን መለመን ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከአምላኬ ቀጥሎ ያለሽኝ አንቺ ነሽ።"

 መዓካ ክንዶቿን ከፈተች።

እናትና ልጅ ቤታቸው እንደተመለሱ ወታደሮቹ ደረሱ። ያቺ የሸምበቆው ሴት አሻንጉሊቷን ታቅፋ፣ መንገድ እየመራች ከፊታቸው ትሄዳለች። ጭዱን በጦር ወጉት፤ ጋኑን ሰባበሩት።

"እዚህ የለም" አለ አለቃቸው።

"ቆይ፣ ራሱ ይነግረናል" አለች ሴትየዋ። በሩ ላይ ቆመችና አፏን ከፈተች። "ኧህ፣ ኧህ።"

 ከዚያ ከአጥሩ ማዶ፣ ቀጠን ያለ ድምፅ መለሰላት። "ኧህ፣ ኧህ።"

ዮስካ የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች። አለቃው ፈገግ ብሎ ወደዚያ ዞረ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ለቅሶ ተነሣ። ወፈር ያለ፣ የሚቆራረጥ ለቅሶ። ከዚያው ከመዓካ ቤት ነው። ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ሌላ። ከታች ሌላ። ከጉድጓዱ አጠገብ ሌላ። መንገዱ ዳር እስከ ዳር በሕፃናት ለቅሶ ተሞላ። ወታደሮቹ የቱን ይያዙ? ተበትነው በየቤቱ ገቡ። በየቤቱ ያገኙት አንዲት አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ ነው። እንባዋን ሳትጠርግ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ በሕፃን ድምፅ ታለቅሳለች። እያንዳንዷ የተወሰደባትን የራሷን ልጅ ለቅሶ ነበር የምታለቅሰው። እናት መቼም አትረሳውም።

አንድ ወታደር መዓካ ዘንድ መጣ። ያውቃታል፤ ባዶ ክንዷን የምታወዛውዘዋ ሴት ናት። ቢሆንም ነጠላዋን ሊገልጥ እጁን ዘረጋ። እሷ ዓይኗን ሳትሰብር አለቀሰችበት። ወታደሩ ያንን ድምፅ ለየው። ባለፈው መከር፣ ከዚሁ ቤት እስከ ወንዙ ድረስ፣ በገዛ እጁ ይዞት የሄደው ድምፅ ነው።

እጁን ሰበሰበ። ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ።

"ጌታዬ፣ እንሂድ" አለ አለቃውን። ፊቱ አመድ መስሏል። "እዚህ የሚያለቅሱት ወደ ወንዙ የጣልናቸው ናቸው።"

አለቃውም አልተከራከረም። ዞር ብለው ሳያዩ፣ እየፈጠኑ ሄዱ። ሴትየዋ ብቻዋን መንገዱ መካከል ቀረች። እሷም ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣትም። ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሸምበቆው ገባች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር ያያት የለም።

ለቅሶው ግን ወዲያው አልቆመም። ወታደሮቹ ከዓይን ከራቁ በኋላም ቆየ። ከዚያ አንድ በአንድ እየከሰመ ሄደ።

ዮስካ አጥሩን ተሻግራ መዓካ ፊት ቆመች። በዚህ ጊዜ አልሮጠችም።

"እትዬ መዓካ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

መዓካ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ሕፃኑ ጡጫውን እየጠባ ያያታል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመዓካ አፍ ተከፈተ።

"ርቦታል" አለች። "እናትሽን ጥሪያት።"

ሔላ መጥታ ልጇን አጠባች፤ በዚያች ቀን ድምፅዋን አውጥታ አምላኳን አመሰገነች። ከዚያ በኋላ እሷ ጭቃ ልትረግጥ ስትሄድ ሕፃኑን የምትይዘው መዓካ ሆነች። ዮስካም አጠገቧ ትቀመጥ ነበር።

ልጆች፣ ብታጠፉ ጥፋታችሁን ቶሎ ተናገሩ፤ እውነቱን ለሚናገር እግዚአብሔር የመዳኛ መንገድ አያጣለትም።